የመጸው ፀሐይ በላፍቶ ጓሮ

በሀገራችን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች የተከፈለ ነው። ከአራቱ አንዱ፣ መስከረም 26 ቀን ገብቶ ታኅሣሥ 25 ቀን የሚወጣው፣ መጸው ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ወቅት «ጸደይ» እያለ ሲጠራው ይሰማል፤ ይሁን እንጂ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ የበልግ ዝናብ የሚጥልበትና ገበሬው ለክረምቱ እርሻውን የሚያለሰልስበት ዘመን ነው። መጸው ግን ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ የምታጌጥበት፣ አበባው ፍሬ የሚሆንበት፣ ፍሬውም ወደ ጎተራ የሚገባበት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም የወቅቱ የመጀመሪያዎቹ አርባ ቀናት ዘመነ ጽጌ ተብለው እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደዷ ይታሰብባቸዋል፤ ካህናቱና መዘምራኑም በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌን ሲያዜሙ ያድራሉ።

መጸው የሚወጣው የልደት በዓል አራት ቀን ሲቀረው ነው። እንግዲህ ዛሬ «እንኳን አደረሳችሁ» እየተባባልን የምንቀርበው የገና ማዕድ አብዛኛው ስንቁ የተሰናዳው ባለፉት ሦስት ወራት ነው። በርበሬው የደረቀው፣ ሽሮው የተከካው፣ ቅቤው የተጠራቀመው፣ ጌሾው የተወቀጠው በዚሁ ወቅት ፀሐይ ነው። የደመራው አመድ ሳይበተን የሚጀመረው የቤት ውስጥ ሥራ የዶሮው ወጥ እስኪወጣ ድረስ አያባራም። በበዓል ገጾቻችን ስለ በዓሉ ታሪክና ትርጓሜ ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ ድካም ግን ብዙም አልተባለም። ዛሬ የምናወጋው ስለዚሁ ሥራ ነው፤ ሥራውንም የምናየው በመዲናችን ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በክፍለ ከተሞች ስትደራጅ ከተቋቋሙት አንዱ ነው። ስሙን ልብ ብሎ ላየው ሁለት ዓለም በአንድ ላይ የተጋመዱበት ነው። «ንፋስ ስልክ» የሚለው በአካባቢው ከተተከለው ሽቦ አልባ የሬዲዮ መገናኛ ጣቢያ የመጣ የሕዝብ አጠራር ነው፤ ያለ ሽቦ፣ በንፋስ ላይ የሚነጋገር ስልክ ማለት ነው። «ላፍቶ» ደግሞ በኦሮምኛ የግራር ዓይነት ስም ነው። ግማሹ ሥልጣኔ፣ ግማሹ ዛፍ እንደ ማለት ነው። የአካባቢው ኑሮም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደ ስሙ ነበር። በሳሪስና በጎፋ በኩል ፋብሪካና መንደር ሲሰፋ፣ በለቡ፣ በጀሞ፣ በሀና ማርያምና ዛሬ ኃይሌ ጋርመንት በሚባለው አቅጣጫ ደግሞ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራ ነበር።

የዚህ አካባቢ መሬት በአብዛኛው ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ሲሆን ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ገበሬው ከዚህ አፈር ጋር የተስማማው ጊዜን በመምረጥ ነው። ጤፉን በሐምሌ ይዘራና ለኅዳርና ለታኅሣሥ ያደርሰዋል። ሽምብራውንና ጓያውን ግን ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቅለታል፤ በመስከረም ማብቂያ፣ ውኃው ከላይ ተንጣፎ እርጥበቱ ከሥር ሲቀር ይዘራዋል። ከዚያ ወዲያ አንድ ጠብታ ዝናብ ባይጥልም ሰብሉ አፈሩ ውስጥ በታመቀው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ይህን ያስተማረው የግብርና ባለሙያ የለም፤ ባለሙያውም ቢሆን ከገበሬው ነው የተማረው።

ጤፉ ሲደርስ አጨዳው ይመጣል። ነዶው ታስሮ፣ ክምሩ ተከምሮ፣ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ሲደርቅ በሬ ይነዳበታል። ከዚያ በመንሽ እየተበተነ፣ በላይዳ እየተዛቀ፣ ገለባው ከፍሬው እስኪለይ ንፋስ ይጠበቃል። የመጸው ንፋስ ከሰዓት በኋላ ይነሣል፤ አንዳንድ ቀንም ይቀራል። ቀኑን ሙሉ አውድማ ላይ ንፋስ ሲጠብቁ የዋሉ አባወራዎች በነበሩበት መንደር «ንፋስ ስልክ» የሚል ስም መኖሩ ያስፈግጋል። ጭዱም ቢሆን አይጣልም፤ ለከብቱ ቀለብ፣ ለጭቃ ቤቱ ልስን፣ የተረፈውም ለሽያጭ ይውላል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ይህን ገጽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለወጠው። ጀሞ ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ተሠሩ፤ በለቡ፣ በላፍቶ፣ በጎፋና በመካኒሳ በኩልም መንደሩ እየሰፋ ሄደ። የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በለቡ ጣቢያ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ዕለቱ በቆጠራው የክረምት የመጨረሻ ቀን ነበር። በማግሥቱ መጸው ገባ፤ ሐዲዱ ባለፈበት ቦታ ግን የሚታጨድ አልነበረም።

ቤት ያስፈልግ እንደነበር የሚክድ የለም። በጠባብ የቀበሌ ቤት ስምንትና ዘጠኝ ሆኖ ያድር ለነበረ ቤተሰብ የጀሞ ሁለት ክፍል ቤት ትልቅ እፎይታ ነው። ቢሆንም መሬቱን ለለቀቀው ገበሬ የተደረገውን ስሌት ማየት ተገቢ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ የገጠር ባለይዞታ የሚሰጠውን የመፈናቀያ ካሣ፣ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው ዐሥር እጥፍ አድርጎ ነበር የወሰነው። በሌላ አነጋገር ለገበሬው ዐሥር መኸር ተከፍሎታል ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አንሶ አግኝቶት ወደ ዐሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎታል። ሆኖም መጀመሪያ በተነሡት ሰዎች ቤት ዐሥሩ ገና አልፏል። የሞያ ነገር ደግሞ በብር ተለክቶ አይከፈልም። የአውድማን ንፋስ ማወቅ፣ የሽምብራን ዘር ጊዜ መምረጥ፣ የወለደች ላም መያዝ በከተማ ሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚጠየቅ ችሎታ አይደለም። ልጆቻቸው ዘበኛ፣ ሾፌር፣ የቀን ሠራተኛ የሆኑ አባቶች በዚህ አካባቢ ጥቂት አይደሉም።

እርሻው ቢሄድም ግን ወቅቱ አልሄደም። ይህ ነው ሊታይ የሚገባው።

ስጥ

ከመስቀል በኋላ በጀሞ ሕንፃዎች መካከል ቀና ብሎ ላለፈ ሰው በየሰገነቱ ላይ ቀይ ነገር ተዘርግቶ ይታየዋል። ስጥ ነው። የክረምቱ ሦስት ወር ፀሐይ ያላየ ቤተሰብ፣ የዓመት ስንቁን የሚያሰናዳው ሰማዩ እንደጠራ ነው። ጀሞ ደግሞ በአንድ በኩል ዕድለኛ ነው፤ የጅማ መንገድ በር ነው። የበቾና የቱሉ ቦሎ ጤፍ በዚያው መንገድ ሰበታን አልፎ ይገባል። የማረቆ በርበሬም ከቡታጅራ በዓለም ገና በኩል ዞሮ የሚመጣው በዚሁ ነው። ለመስቀል ከጉራጌ የሚመጣው ቆጮም መንገዱ ይኸው ነው። ስለዚህ የእርሻ መንደርነቱ ቢቀርም የምርት መተላለፊያነቱ አልቀረም።

የዓመት በርበሬ ማዘጋጀት በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም። በመጀመሪያ ዛላው ይለቀማል። ቆዳው የነጣው፣ ውስጡ የጠቆረውና የሻገተው ይወጣል። ከዚያ ቅንጠሳው ነው፤ ጭራው አንድ በአንድ ይነቀላል። ቅንጠሳ የብዙ ሰው ሥራ በመሆኑ ጎረቤት ይጠራራል፤ እጅ ስለሚያቃጥል ልጆች ዓይናቸውን እንዳይነኩ ይመከራሉ፣ ይነካሉም፣ ይለቀሳልም። የተቀነጠሰው ተሰጥቶ ሲንኮሻኮሽ በሙቀጫ ይሸከሸካል። ቀጥሎ የሚመጣው ድልዙ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ በሶብላና ጤና አዳም አብሮ ተወቅጦ ከበርበሬው ጋር ይለወስና ታፍኖ ያድራል። ከዚያ ዳግመኛ ወደ ፀሐይ ይወጣል። ሲደርቅ ታምሶ፣ ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ ተጨምሮበት ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የቅመሙን መጠን በተመለከተ ሁለት ባለሞያዎች የሚስማሙበት ጊዜ የለም፤ እያንዳንዷ የእናቷን ትከተላለች፤ የባሏን እናት ብትከተል እንኳ ለማንም አትናገርም።

ሽሮውም እንዲሁ ነው። አተሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው ታጥቦ፣ ገንፈል ተደርጎ፣ ታምሶ ይከካል፤ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል፤ ለምጥን ሽሮ የሚሆነው ከበርበሬና ከቅመም ጋር፣ ለነጭ ሽሮ የሚሆነው ያለ በርበሬ ለብቻው ይፈጫል። በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ በጥቅምትና በኅዳር የሚታየው ሰልፍ ክርስቲያን ሙስሊም አይልም። አንዱ ለጾሙ፣ ሌላው ለዓመቱ ጓዳው ነው የሚያስፈጨው፤ ማስነጠሱ ግን የጋራ ነው።

የዚህ ሁሉ ሥራ ዋናው ነገር መድረቅ ነው። በሚገባ ያልደረቀ በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታውም መልክ ከማበላሸት ያለፈ ጣጣ አለው። በአዲስ አበባ ገበያ ከሚሸጥ በርበሬና ሽሮ ናሙና ወስዶ በ1980ዎቹ የተካሄደ ጥናት አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ አግኝቶባቸዋል። ይህ መርዝ የሚመነጨው እርጥበት ባለበት እህልና ቅመም ላይ ከሚበቅል ሻጋታ ሲሆን ጉበትን ይጎዳል፤ እሳት ላይ በመንተክተኩም በቀላሉ አይጠፋም። እናቶቻችን የመርዙን ስም ሳይሰሙ «ፀሐይ ያልጠገበ በርበሬ አይፈጭም» ብለው ዛላውን ሦስት ጊዜ የሚያገላብጡት ያለ ነገር አልነበረም። ከገበያ የተፈጨ በርበሬ ገዝቶ ቤት መግባት ለሥራ ለሚሮጥ ቤተሰብ ማረፊያ ነው፤ ነገር ግን ዛላውን ያላየ ሰው ዱቄቱን አይቶ የሚያውቀው ነገር የለም።

ታዲያ ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ፀሐይ፣ ጊዜ፣ እጅና ቦታ። ፀሐዩ አለ። ጊዜው ጠቦአል። እጁም ተበትኗል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፣ እናት ሥራ ትውላለች፣ ስጥ ጠባቂ አያት ክፍለ ሀገር ናት። ከሁሉም የጠፋው ግን ቦታ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ሲሠሩ ይህ አልተዘነጋም ነበር፤ ነዋሪዎች ልብስ የሚያጥቡበት፣ እንጀራ የሚጋግሩበት፣ ለበዓል በግ የሚያርዱበት የጋራ መገልገያ ሕንፃ በየጊቢው እንዲኖር ታቅዶ ተሠርቷል። ሐሳቡ የሚመሰገን ነበር። በብዙ ቦታ ግን እነዚህ ሕንፃዎች ተከራይተው ወይም ለሌላ አገልግሎት ውለው ይገኛሉ። ስለዚህ በርበሬው በአራተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ፣ ሙቀጫውም በኮሪደሩ ውስጥ ሆነ። ከታች ያለው ጎረቤት የሙቀጫው ድምፅ ቢያስመርረው አይፈረድበትም። በየወሩ የሚሰበሰበው የነዋሪዎች ማኅበር ከመኪና ማቆሚያው ክርክር ጥቂት ደቂቃ ቀንሶ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለስጥ የሚሆን ጣሪያ ወይም ሜዳ ቢለይ፣ ብዙ ጠብ ባልኖረ ነበር እንላለን።

ብርዱና ቡሃቃው

መጸው ብርድም አለው። የአዲስ አበባ ሌሊቶች የሚቀዘቅዙት በዝናቡ ወራት ሳይሆን ሰማዩ በጠራባቸው በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ይህ ብርድ ከሁሉ ቀድሞ የሚታወቀው በቡሃቃው ላይ ነው። በሞቃት ወራት በሁለትና በሦስት ቀን ይቦካ የነበረው የጤፍ ሊጥ ቀን ይጨምራል፤ ያልጠነቀቀች ጋጋሪ ዓይን የሌለው እንጀራ ታወጣለች። እርሾውን መጨመር፣ ቡሃቃውን በጋቢ መጠቅለልና ከምድጃው አጠገብ ማሳደር፣ አብሲቱን ለብ እንዳለ መጨመር የዚህ ወቅት ዘዴዎች ናቸው።

ብርዱ ሰውንም ያስርበዋል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው። አባባሉ ከጽጌ ጾም ጋር እንዴት ይስማማል ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ የፈለገ ይጾመዋል፣ ያልጾመም አይወቀስም። በዚህም የተነሣ በአንድ ቤት ውስጥ አያትና የልጅ ልጅ በተለያየ ድስት የሚበሉበት ወር ጥቅምት ነው፤ የወጥ ሠሪዋ ድካም እጥፍ የሚሆነውም በዚሁ ወር ነው። ኅዳር 6 ቀን ቁስቋም ሲሆን ድስቱ አንድ ይሆናል፤ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ወደ ሽሮውና ወደ ጎመኑ ይመለሳል። በመካከሉ ኅዳር 12 አለች፤ የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ከመሆኑ በላይ መንደሩ ቆሻሻውን ጠርጎ የሚያቃጥልበት ቀን ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይነገራል። በሽታው በዘመኑ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ዛሬ በላፍቶ የሚቃጠለው ገለባና ቅጠል ብቻ ስላልሆነ ጢሱ ለጤና የሚበጅ አይደለም፤ ጠረጋውን ይዞ ፕላስቲኩን ከእሳቱ ማራቅ ይቻላል።

የጾሙ ገበታና ወንዙ

ጾመ ነቢያት የአትክልት ወቅት ነው። ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ቀይ ሥሩ፣ ካሮቱ፣ ድንቹ በብዛት ይፈለጋል። የዚህ ምርት ከፊሉ ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ መድረሻው ኃይሌ ጋርመንት ሆኗል። ከፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ የተዛወረው ገበያ፣ ሜዳው ለጥምቀት ሲፈለግ ወደዚሁ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ መጥቷል። ሌላው ግን እዚሁ፣ በወንዙ ዳር የሚበቅል ነው።

ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ ምዕራብ ወርዶ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል የውኃ ማቆሪያ ይዘልቃል። በዳርቻው አትክልት ማልማት የቆየ ሥራ ነው። ተመራማሪዋ አክሱማይት ገብረ እግዚአብሔር በ1980ዎቹ ባሳተሙት ጥናት የመካኒሳ፣ የፉሪና የሳሪስ አትክልት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበርን በዝርዝር መርምረዋል። ጥናቱ ያሳየው ቁም ነገር ቀላል ነው፤ ብዙዎች የከተማ እርሻን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ያዩት በነበረ ጊዜ፣ እነዚህ ሰዎች ከማሳው የቤተሰባቸውን ምግብ እያገኙ የተረፈውን ለከተማው ገበያ ያቀርቡ ነበር። ከዝናቡ ማብቂያ በኋላ ከተማዋ ትኩስ ቅጠል የምታገኘው በመስኖ ስለሆነ፣ የእነርሱ ወቅት የሚጀምረው የሌላው ገበሬ ሥራ ወደ አውድማ ሲዞር ነበር።

ችግሩ ውኃው ነው። ወንዙ በከተማዋ ውስጥ ሲያልፍ የቆዳ ፋብሪካውንም፣ የጋራዡንም፣ የመጸዳጃ ቤቱንም ፍሳሽ ይቀበላል። በተለያዩ ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች በአቃቂ ውኃ በለማ አትክልት ላይ እንደ ካድምየም፣ ክሮምየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረታት ማግኘታቸውን ገልጸዋል፤ ይህም በተለይ ቅጠላቸው በሚበላው እንደ ሰላጣና ቆስጣ ባሉት ላይ ጎልቶ ይታያል። እዚህ ላይ የቤት እመቤቶች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ቅጠሉን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብና በደንብ ማብሰል ተሕዋስያንንና የወስፋት እንቁላልን ይከላከላል፤ በመሆኑም ጥሬ ሰላጣ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። በሥሩ የተሳበውን ብረት ግን ማጠብም ማብሰልም አያወጣውም። እርሱ የሚወጣው ከወንዙ ሲወጣ ብቻ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ሸገርን ማስዋብ» ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታሰበ ነው። ዳርቻው ሲያምር ደስ ይላል። የዳርቻው መዋብና የውኃው መጥራት ግን ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ፎቶግራፍ ላይ ስለማይታይ የሚዘገይ እንዳይሆን ያሰጋል። በዳርቻው አትክልት የሚያለማውን ሰው አንሥቶ አበባ መትከል ቀላሉ መንገድ ነው። ፋብሪካው ፍሳሹን አጣርቶ እንዲለቅ ማድረግ ከባዱ ነው፤ ይሁንና የአምራቹንም እንጀራ፣ የገዢውንም ጤና የሚያድነው እርሱ ነው።

ጓሮውና ላሚቱ

ወንዙን የፈራ ሰው ወደ ጓሮው ይመለሳል። ጓሮ ያለው ማለታችን ነው። በለቡና በሀና ማርያም በኩል ባሉት የቆዩ መንደሮች ግቢ ውስጥ የሐበሻ ጎመን በክረምት ይተከልና በመጸው ቅጠል ቅጠሉ እየተቀነጠበ ይበላል፤ ግንዱ ሳይነቀል ለወራት ያገለግላል። በአጥሩ ላይ የተዘረጋው ዱባ በጥቅምት ይበስላል። በሶብላው አበባውን ሲያወጣ ታጭዶ በጥላ ሥር ተንጠልጥሎ ይደርቃል፤ ኮሰረቱ ለቅቤው፣ ጤና አዳሙ ለቡናውና ለድልዙ፣ የጌሾው ዛፍ ለገና ጠላ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ውኃ ማጠጣት ግድ ይሆናል፤ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ አትክልቱ የሚጠጣው የአትክልትና የእህል እጣቢ ነው። በፎቅ የሚኖሩትም አልቦዘኑም፤ በአሮጌ የዘይት ጀሪካን ጎመንና በሶብላ የተከሉ ሰገነቶች በጀሞ እየበዙ መጥተዋል።

መንግሥት በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ያስጀመረው «የሌማት ትሩፋት» መርሐ ግብር ወተትን፣ ዶሮንና እንቁላልን፣ ማርን በቤተሰብ ደረጃ ማስፋፋትን ዓላማው ያደረገ ነው። ከተማ ውስጥ ላለ ቤተሰብ ዶሮ ማርባቱ ይቀናል። ላም ማርባቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ በተለይ በዚህ ወቅት። ላሚቱ ጾም አታውቅም። ከኅዳር 15 ጀምሮ ከአርባ ቀን በላይ ብዙው ደንበኛ ወተት አይገዛም፤ ላሚቱ ግን ጠዋትና ማታ መታለቧ አይቀርም። በላፍቶ አንድና ሁለት ላም ይዞ የሚኖር ሰው ዘዴው የታወቀ ነው። ወተቱን ያረጋዋል፤ ቅቤውን አውጥቶ ለገና ያስቀምጣል፤ አሬራውን አሙቆ አይብ ያወጣል። በበዓል ሰሞን ቅቤ የሚወደደውን ያህል፣ በጾሙ ወራት ያጣውን ይመልስለታል ማለት ግን አይደለም። ቀለቡም አለ፤ ከሱሉልታ በኩል በጥቅምትና በኅዳር የሚታጨደው ድርቆሽ ከተማውን አቋርጦ እዚህ ሲደርስ የማጓጓዣው ዋጋ ተጨምሮበት ነው። ድሮ ከገዛ አውድማው ጭድ ያመጣ የነበረ ሰው ዛሬ ጭድ በብር ይገዛል። አነስተኛ አርቢዎች ወተታቸውን ሰብስቦ በጾም ወራት ወደ ቅቤና አይብ የሚቀይርላቸው የጋራ ማዕከል ቢያገኙ፣ ከብዙ ሥልጠና ይልቅ የሚጠቅማቸው ይህ ይመስለናል።

የገና ሰሞን

ታኅሣሥ 19 ቀን የገብርኤል በዓል በጎፋ መካነ ሕያዋን ሲከበር፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ዐሥር ቀናት የሩጫ ናቸው። ጠላው ይጠነሰሳል። ድፎው የሚደፋበት ኮባ ይፈለጋል። ኃይሌ ጋርመንት የሽንኩርት ተራ ሰው አያስገባም። በዋዜማው ሽንኩርቱ ይከተፋል፤ ያ በጥቅምት የተደለዘው በርበሬ፣ ያ በኅዳር የተጠራቀመው ቅቤ፣ ያ ከአጥሩ ሥር የተቆረጠው ኮሰረት በአንድ ድስት ላይ ይገናኛሉ። ዶሮዋ በዐሥራ ሁለት ብልት ተገንጥላ፣ ታጥባ ታጥባ እስክትነጣ ድረስ የሚወስደውን ጊዜ ወንዶች ልጆቻችን ቢያውቁት መልካም ነው። ሲያውቁት ሽንኩርቱን ራሳቸው ይከትፉታልና።

የበዓሉ ጨዋታም የእርሻ ልጅ ነው። የገና ጨዋታ በገጠሩ የሚካሄደው ሣሩና ሰብሉ በተነሣበት ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳው ለልጆች የሚለቀቀው አጨዳው ስላለቀ ነው። በላፍቶ ይህን ጨዋታ የሚያስጫውት ሜዳ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። በየብሎኩ መሐል ያለው ባዶ ቦታ ላይ ልጆች ኳስ ሲራገጡ ይውላሉ፤ ጥንጓንና የቆለመመ ዱላውን የሚያውቁት በቴሌቪዥን ነው።

ከከተማው ጫፍ ወጣ ብሎ፣ ቤቶቹ በሚያልቁበትና ጥቁሩ አፈር በሚጀምርበት አቅጣጫ ግን አሁንም ያልታጨደ ማሳ አለ። ጤፉ ገብቷል፤ ስንዴውም ተነሥቷል። በመስከረም ማብቂያ የተዘራው ሽምብራ ግን እንደ ቆመ ነው። ሴቶች እሸቱን ከነቅጠሉ እየነቀሉ፣ በእቅፍ በእቅፍ አሥረው ወደ ሀና ማርያምና ወደ ጀሞ አደባባይ ያወጡታል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ ቆም ብሎ ይገዛና እየፈለፈለ ወደ ቤቱ ይገባል። የቀረው ደርቆ በጥር ይታጨዳል፤ ለጥምቀት ቆሎ የሚደርስም ይኖረዋል።